በተከዜ ሐይቅ ላይ የሚሠራ የሞቶር ጀልባ በክረምት ስለሚቀመጥበት ሁኔታ

በኅዳር 2002 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ቁመቱ 188 ሜትር የሆነው የተከዜ ግድብ ለዋግ ኽምራ ቆላ ቀድሞ ያልነበረ ሐይቅ አመጣለት። በአበርገሌና በዝቋላ በኩል ዓሣ ማስገር የንግድ ሥራ ሆነ፤ ከሥራውም ጋር የሞቶር ጀልባ ተከተለ። የወፍጮ ሞቶር ጠባይ ለሰቆጣ ነጋዴ እንግዳ አይደለም። ይሁን እንጂ ወፍጮ በቤት ውስጥ ተተክሎ ይኖራል፤ ጀልባ ግን ዝናብ ይወርድበታል፣ ውኃም ከሥሩ ይነሣበታል።

ይህን ትምህርት ለመጻፍ የተነሣሁት በሞቶር ነገር ከአንባቢዎቼ የበለጠ ዕውቀት ኖሮኝ ሳይሆን በገዛ ስሕተቴ ኪሣራ ስላደረስሁ ነው። እኔ የአንድ ነጋዴ ጸሐፊ ነኝ። አሠሪዬ ሞቶሩ በሆዱ ውስጥ የተተከለ ጀልባ በገዙ ጊዜ፣ አብሮት የመጣውን የእንግሊዝኛ መመሪያ እንድተረጕም አዘዙኝ። በመመሪያው ውስጥ ጀልባን ለክረምት ስለ ማስቀመጥ የሚናገር ምዕራፍ አለ፤ እኔም ቃሉን እንጂ ምክንያቱን አልመረመርሁም። የፈረንጅ ክረምት ከኅዳር እስከ የካቲት የሚዘልቅ የበረዶ ወራት ነው። ያ ጊዜ ለእኛ በጋ ነው፤ ወደ መጨረሻውም ዐቢይ ጾም ገብቶ ዓሣ በብዙ ይፈለጋል። የእኛ ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ሲሆን፣ ጠላቱም በረዶ ሳይሆን እርጥበትና ሙላት ነው።

በሰኔ መጨረሻ ውኃ እንዳይረጋ የሚያደርገውን አንቲፍሪዝ በውድ ዋጋ ከአዲስ አበባ አስመጣን። ጀልባውንም ወደ ዳር ጎትተን፣ የዝናብ ውኃ እንዲወርድ ከሥሩ ያለውን ውታፍ ነቅለን ተውነው። በነሐሴ ሐይቁ ሞላ። ውኃው ጀልባው ካለበት ደረሰና፣ ዝናብ ይውጣበት ብለን በከፈትነው ቀዳዳ ገባ። በመስከረም ወርደን ስናይ ሞቶሩ ጭቃ ውጦ ተገኘ። አሠሪዬ አንድ ቃል አልተናገሩኝም፤ ቢቈጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው ስፍራው ነው። የተከዜ ሐይቅ በበጋና በክረምት መካከል ብዙ ሜትር ይወርዳል፣ ይወጣል። በገደሉ ላይ ያለፈው ዓመት ሙላት የተወውን መስመር መመልከት፣ ዓሣ አስጋሪዎቹንም መጠየቅ ይገባል፤ ጀልባውም ከዚያ መስመር በላይ፣ ጎርፍ ከማይወርድበት ስፍራ፣ በወፍራም እንጨት ላይ ይቀመጥ። አፍንጫው ከፍ ቢል ዝናቡ ወደ ኋላ ወርዶ በቀዳዳው ይወጣል። የተነቀለውን ውታፍ በመሪው ላይ በገመድ ማሰር ነው፤ ኪስ ውስጥ የገባ ውታፍ በጥቅምት አይገኝም።

ዘይቱ የሚለወጠው ጀልባው ከመቀመጡ በፊት እንጂ በኋላ አይደለም። ያገለገለ ዘይት ከተቃጠለው ነዳጅ የመጣ አሲድና ውኃ ስላለበት፣ ሦስት ወር ሙሉ ብረቱን ሲበላ ይከርማል። ሞቶሩን አሙቆ ዘይቱን በትኩሱ ማፍሰስ፣ አዲሱን ሞልቶም ለጥቂት ደቂቃ ማስነሣት ነው፤ እንዲህ ሲሆን ንጹሑ ዘይት ከየስፍራው ይደርሳል።

ናፍጣን በተመለከተ ብዙ ሰው ጎዶሎ መተው ቍጠባ ይመስለዋል። ጎዶሎ በርሜል ውስጥ ያለው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጤዛ ያወጣል፤ ውኃውም ከናፍጣው ሥር ይጠራቀማል። በሁለቱ መካከል ዓይን የማያያቸው ሕያዋን ይራባሉ፤ ዝቃጫቸውም ማጣሪያውን ይደፍናል። ስለዚህ ለሙቀት መስፋፊያ ጥቂት ቦታ ትቶ መሙላት ይሻላል። ቤንዚን ግን ሲቈይ ስለሚበላሽ ቢቀዳ ይመረጣል።

አሁን ወደ አንቲፍሪዙ እንመለስ። ውኃ ሲረጋ መጠኑ ከመቶ ዘጠኝ ያህል ስለሚጨምር፣ በሞቶር ውስጥ የቀረ ውኃ ብረቱን ይሰነጥቃል፤ የመመሪያው ፍርሃት ይህ ነው። በተከዜ ቆላ ይህ አያሠጋም። አንቲፍሪዝ ዝገት የሚከላከል ነገርም ስላለበት፣ የራሱ ዝግ የማቀዝቀዣ ውኃ ላለው ሞቶር ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ከሐይቁ በሚሳበው ውኃ መንገድ የሚቀረው ደለል ነውና፣ መንገዱን በንጹሕ ውኃ አጥቦ ጨርሶ ማንጠፍ ግድ ነው። የፖምፓውም የጎማ ክንፍ ታጥፎ ከከረመ ስለማይቃና፣ ወጥቶ በጥላ ይቀመጥ።

ባትሪው ተፈትቶ ወደ ቤት ይግባ። ሙሉ የሆነ የ12 ቮልት ባትሪ ሥራ ፈትቶ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ በየወሩ እየለኩ ሲወርድ መሙላት ነው። የጢስ መውጫውና የአየር መግቢያው አይጥ እንዳይገባባቸው ዘይት በነካ ጨርቅ ይወተፉ። ሸራውም ነፋስ እንዲያልፍበት ላላ ተደርጎ ይልበስ፤ አጥብቆ የታሰረ ሸራ እርጥበቱን ከውስጥ ይይዘዋል።

የተነቀለውና የተወተፈው ሁሉ ከነቀኑ በመዝገብ ይጻፍ። እኔ ዛሬ አንዱን ቅጂ በመሪው ላይ፣ ከውታፉ ጋር አስራለሁ። በጥቅምት ጀልባው ወደ ውኃ ሲመለስ መዝገቡ ተነቦ ጨርቁ ይወጣል፣ የጎማው ክንፍና ውታፉ ይመለሳሉ፤ ከዚያም ሞቶሩ ሳይነሣ፣ ዘንጉ ከጀልባው ሆድ በሚወጣበት ስፍራ ውኃ ይገባ እንደሆነ ለአሥር ደቂቃ ያህል ቆሞ ማየት ያስፈልጋል።