ባሕርን በ80 ሊትር፦ በአነስተኛ ወጪ የመጀመሪያውን የኮራል ገንዳ ስለ ማቋቋም

ኮራሎችን በመስታወት ገንዳ ውስጥ ማኖር የባለጸጎች መዝናኛ ነው የሚል አስተሳሰብ ተስፋፍቶ ይገኛል። በገበያ ላይ ያለው የመሣሪያ ብዛትም ይህንኑ የሚያጠናክር ነው። ዳሩ ግን የመሣሪያዎቹን ዝርዝር ትተን እያንዳንዱ ምን እንደሚሠራ ብንጠይቅ፣ አብዛኛው ወጪ ጥቂት የፊዚክስና የኬሚስትሪ ጥያቄዎችን በገንዘብ ለመመለስ የሚደረግ ሙከራ ሆኖ እናገኘዋለን። በዚህ ጽሑፍ እነዚያኑ ጥያቄዎች በሚዛን፣ በቴርሞሜትርና በእርሳስ ለመመለስ እንሞክራለን። ምሳሌያችን በአዲስ አበባ፣ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚቀመጥ ገንዳ ነው። ከፍታው ከሒሳቡ ውስጥ የሚገባበት ምክንያት ወደ ኋላ ላይ ግልጽ ይሆናል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሊ ቺን ኤንግ የተባለ የጃካርታ ነዋሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ያለ ማጣሪያ መሣሪያ፣ ከባሕር በወጣ ሕያው አለት፣ በአየር አረፋና በፀሐይ ብርሃን ብቻ የባሕር እንስሳትን ማኖር እንደሚቻል ገልጾ ነበር። እርግጥ ጃካርታ የወደብ ከተማ ናት፤ ውኃው ከደጃፍ ይቀዳል፤ ሙቀቱም ዓመቱን ሙሉ ለኮራል የተመቸ ነው። እኛ ግን በመጀመሪያ ባሕሩን ራሱን መሥራት ይኖርብናል።

ዝቅ ያለና ሰፊ ገንዳ

ጀማሪ ወጪ ለመቀነስ ሲያስብ መጀመሪያ የሚመርጠው ትንሽ ገንዳ ነው። ይህ ምርጫ ርካሽ የሚሆነው በተገዛበት ዕለት ብቻ ነው። የገንዳው መጠን ባነሰ ቁጥር ከይዘቱ አንጻር የውኃው ገጽ ስፋት ይበልጣል፤ በዚህም የተነሳ ጨዋማነቱም ሙቀቱም በፍጥነት ይለዋወጣሉ። ስለዚህ ርዝመቱ 60፣ ስፋቱ 40፣ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ እንውሰድ። ይዘቱ 96 ሊትር ሲሆን አለትና አሸዋ ከገቡበት በኋላ ወደ 80 ሊትር ውኃ ይይዛል።

ውኃ በቋሚ ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል የእፍግታው፣ የስበት ፍጥንጥነቱ፣ የጥልቀቱ ካሬና የግድግዳው ርዝመት ብዜት ግማሽ ነው። የባሕር ውኃ እፍግታ በ25 ዲግሪ ሴልሽየስ በሜትር ኩብ 1,023 ኪሎ ግራም ስለሆነ፣ እስከ አፉ በተሞላው ገንዳችን የፊት መስታወት ላይ የሚያርፈው ኃይል 480 ኒውተን ገደማ ይሆናል። ይህም የአንድ ቀጭን ሰው ክብደት ያህል ነው። በስሌቱ ውስጥ ገንዳው ከፊት ወደ ኋላ ያለው ስፋት እንደሌለበት አንባቢ ልብ ይበል። ስፋቱን እንደ ፈለግን ብንጨምር የፊት መስታወቱ አይጨነቅም፤ ቁመቱን እጥፍ ብናደርግ ግን ኃይሉ አራት እጥፍ ያድጋል፤ ወፍራም መስታወትም ግድ ይሆናል። ውድ የሚያደርገው ቁመት ነው ማለት ነው። ለእኛ 8 ሚሊ ሜትር መስታወት ይበቃል። ማጣበቂያው የመስኮት ሠራተኞች የሚጠቀሙበት፣ ሲደርቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ሊሆን ይችላል፤ ሻጋታ መከላከያ የተጨመረበት ግን እንስሳቱን ስለሚመርዝ አይሆንም። ሳምንት ያህል ከደረቀ በኋላ ገንዳው በንጹሕ ውኃ ተሞልቶ፣ ቢፈስ ጉዳት በማያደርስበት ቦታ ጥቂት ቀናት ይፈተን። ሲጠናቀቅ ጠቅላላ ክብደቱ ከ110 ኪሎ ግራም ስለሚበልጥ የመጽሐፍ መደርደሪያ አይሸከመውም።

የአፋር ጨው ባሕር ይሆናልን?

ከአንድ ተማሪ ሊነሳ የሚችል ተገቢ ጥያቄ አለ። የአፋር ጨው መነሻው የቀይ ባሕር ውኃ ከሆነ፣ ጨውን መልሶ በውኃ በመበጥበጥ ባሕሩን መመለስ አይቻልምን? የዳናክል ዝቅተኛ ስፍራ በእርግጥ በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ክንድ ነበረ። በዳርቻዎቹ ከ100 ሺህ ዓመታት በላይ ዕድሜ ያላቸው የኮራል ሪፍ ቅሪተ አካሎች እስከ ዛሬ ቆመው ይታያሉ። ባሕር የሌላት አገራችን የኮራል ሪፍ አላት ብንል የተሳሳትን አይደለንም፤ ሕይወት ብቻ ነው የጎደለው።

መልሱ ግን አይቻልም ነው። የባሕር ውኃ ሲተን ጨዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይዘቅጡም። በመጀመሪያ ካልስየም ካርቦኔት፣ ቀጥሎም የካልስየም ሰልፌት ውሁድ የሆነው ጂፕሰም ይዘቅጣል። ውኃው ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ሲቀንስ የምግብ ጨው ይጀምራል፤ ማግኒዝየምና ፖታስየም የበዛባቸው ጨዎች መጨረሻ ይመጣሉ። እንግዲህ በአሞሌ መልክ ተቆርጦ የሚወጣው ጨው ከዚህ ረጅም ሂደት መካከል የተወሰደ አንድ ምዕራፍ እንጂ ሙሉው መጽሐፍ አይደለም። ከ100 ግራም የባሕር ጨው ውስጥ ክሎራይድ 55፣ ሶድየም 31፣ ሰልፌት 8፣ ማግኒዝየም 4 ግራም ገደማ ሲሆኑ፣ ካልስየምና ፖታስየም እያንዳንዳቸው ከ1 ግራም ጥቂት ይበልጣሉ። ኮራል አጽሙን የሚገነባው በዚያች ትንሽ የካልስየም ድርሻ ነው። ስለዚህ ለባሕር ገንዳ ተብሎ የተዘጋጀ ጨው መግዛት የማይቀር ወጪ ነው፤ ለ80 ሊትር 3 ኪሎ ግራም ገደማ ያስፈልጋል።

የውኃውም ምንጭ ይታሰብበት። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለበት፤ በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ደግሞ ብዙ ፍሎራይድ ያለው የከርሰ ምድር ውኃ አለ። የክረምት ዝናብ ነጻና ንጹሕ ይመስላል፤ ነገር ግን ከቆርቆሮ ጣሪያ በአሸንዳ የሚወርደው ከቆርቆሮው ልባስ ዚንክ ይዞ ይመጣል፤ ዚንክም አከርካሪ ለሌላቸው የባሕር እንስሳት መርዝ ነው። አጣርቶ ማንጠር ቢታሰብ፣ 80 ሊትር ውኃ በእኛ ከፍታ ከ20 ዲግሪ ወደ 92 ዲግሪ አሙቆ ለማትነን 57 ኪሎ ዋት ሰዓት የኤሌክትሪክ ኃይል ይጠይቃል። ውኃን በስስ ገለፈት ውስጥ በግፊት የሚያሳልፈው ማጣሪያ ግን ሙቀት አያስፈልገውም፤ ለአነስተኛ ገንዳ ከቧንቧው ግፊት ጋር ሊሠራ ይችላል። ሁለት ሦስት ተማሪዎች በጋራ ቢገዙት ሸክሙ ይቀላል።

ጨዋማነትን ለመለካት የላቦራቶሪ ሚዛንና የአንድ ሊትር የመለኪያ ጠርሙስ በቂ ናቸው። በ25 ዲግሪ አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ 997 ግራም፣ በኪሎ ግራም 35 ግራም ጨው ያለበት የባሕር ውኃ ደግሞ 1,023 ግራም ይመዝናል። ከዚህ እንደሚታየው አንድ ግራም የሚሳሳት ሚዛን በጨዋማነት ላይ የ1.3 ግራም ስሕተት ያስከትላል፤ አንድ አሥረኛ ግራም የሚለይ ሚዛን ግን ከብዙ የገበያ መለኪያዎች የተሻለ ነው። የውኃው ሙቀት ግን 25 ዲግሪ መሆን አለበት። በ15 ዲግሪ የተመዘነ ውኃ ከእውነተኛው በ3.6 ግራም የበለጠ ጨዋማ መስሎ ይታያል።

መብራት ሲጠፋ የሚገድለው ምንድን ነው?

የገንዳችን ውኃ በ25 ዲግሪ፣ ክፍሉ ደግሞ በ18 ዲግሪ ላይ ነው እንበል። ከግድግዳዎቹና ከገጹ በእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት 7 ዋት ይባክናል ብለን ብንገምት 49 ዋት ይሆናል። በቀን አንድ ሊትር ውኃ ቢተን ደግሞ ትነቱ ብቻ 28 ዋት ይወስዳል። ሲደመር 77 ዋት ነው፤ ሌሊት ክፍሉ ወደ 15 ዲግሪ ሲወርድ ብክነቱ ወደ 100 ዋት ይጠጋል። ስለዚህ የ100 ዋት ማሞቂያ በጭንቅ ነው የሚበቃው፤ የ150 ዋት ይሻለናል፤ ከዚያ በላይ መግዛት ግን ትርፍ ነው። የሚተነው ውኃ ብቻ እንጂ ጨው አለመሆኑም አይዘንጋ። በየቀኑ የጎደለው በንጹሕ ውኃ ካልተተካ ጨዋማነቱ በስምንት ቀን ውስጥ ከ35 ወደ 39 ይደርሳል። በጨው ውኃ የሚሞላ ሰው ችግሩን ያባብሰዋል።

መብራት ለአራት ሰዓት ቢጠፋስ? ብዙዎች የሚፈሩት ቅዝቃዜውን ነው። ውኃው የያዘው ሙቀት ብዙ ስለሆነ ግን በአራት ሰዓት ከ3 ዲግሪ ያነሰ ነው የሚቀንሰው። ጎኖቹን በጋቢ መጠቅለል ይህንንም ያሳንሰዋል። አደጋው ከኦክስጅን በኩል ነው። በባሕር ጠለል ላይ፣ በዚህ ሙቀትና ጨዋማነት አንድ ሊትር ውኃ 6.7 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉ 76 በመቶ ያህል ስለሆነ መጠኑ ወደ 5.1 ይወርዳል። በሰማንያው ሊትር ውስጥ ያለው ጠቅላላ ክምችት እንግዲህ 0.4 ግራም ብቻ ነው፤ ከዚህም ዓሣው፣ ኮራሉና ባክቴሪያው ሁሉ ይተነፍሳሉ። ፓምፑ ሲቆም ከገጹ የሚገባው ኦክስጅን ወደ ታች የሚወርደው በስርጭት ብቻ ቢሆን ኖሮ 40 ሳንቲ ሜትሩን ለማቋረጥ ከዓመት በላይ ይወስድበት ነበር። የገጹ መቀዝቀዝ ውኃውን ጥቂት ያናውጠዋል፤ ነገር ግን በዚህ መተማመን አይገባም። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ የአየር መንፊያ በዋጋው ከሁሉ ያነሰ፣ በጠቀሜታው ግን ከሁሉ የላቀ ዕቃ ነው።

ስለ ከፍታችን አንድ ደስ የሚል ነገርም እንጨምር። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ከፊል ግፊትም በዚያው መጠን ስለሚቀንስ፣ በደንብ በሚናፈስ የአዲስ አበባ ክፍል ውስጥ ያለ የባሕር ውኃ የሚገጥመው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ በባሕር ጠለል ላይ ከነበረው ጋር ይቀራረባል። በዚህም ፒ ኤቹ ወደ 0.1 ገደማ ከፍ ይላል። ከኢንዱስትሪ አብዮት ወዲህ የውቅያኖሶች ገጽ ፒ ኤች የቀነሰውም በዚህችው 0.1 ያህል ነው፤ በዚህም ምክንያት ኮራሎች አጽም መገንባት እየከበዳቸው መጥቷል። እርግጥ መስኮቱ በተዘጋና ሰው በሞላበት ክፍል ይህ ጥቅም ወዲያው ይጠፋል።

ስለ ብርሃን ብዙ አንልም። ኮራሎች በሰውነታቸው ውስጥ ከሚኖሩ ዋቅላሚዎች ምግብ ስለሚያገኙ ብርሃን ግድ ነው፤ ለስላሳ ኮራሎች ግን በሜትር ካሬ በሴኮንድ 100 ማይክሮሞል ፎቶን ገደማ ይበቃቸዋል፤ ይህም የቀትር ፀሐይ 5 በመቶ ነው። ጥሩ ኤል ኢ ዲ በአንድ ጁል ወደ 2 ማይክሮሞል ፎቶን ስለሚሰጥ፣ የ30 ዋት ነጭ መብራት ግማሹ ብርሃን ቢባክን እንኳ ለገንዳችን ስፋት 125 ማይክሮሞል ያደርሳል። በቀን 8 ወይም 9 ሰዓት ይብራ።

ባዶው ገንዳ

አለቱና አሸዋው ገብተው፣ ጨዋማነቱ ተስተካክሎ፣ ፓምፑ ውኃውን እያዘዋወረ ሳለ ገንዳው ለእንስሳት ዝግጁ ይመስላል፤ አይደለም። ከዓሣ ቆሻሻና ከምግብ ትርፍ አሞንያ ይወጣል። አንድ ዓይነት ባክቴሪያዎች ይህን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎች ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ፤ ኦክስጅን በማይደርስበት የአለቱ ቀዳዳ ውስጥ ናይትሬቱ ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ተመልሶ ወደ አየር ይሄዳል። ውድ ማጣሪያዎች ከሚሠሩት ሥራ አብዛኛውን ይህ ባለ ቀዳዳ አለት ያከናውነዋል፤ ነገር ግን ባክቴሪያዎቹ እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በባሕር ገንዳ መቸኮል ከጨው አልባው ገንዳ ይልቅ የከፋ ነው። ዓሣን የሚመርዘው አዮን ያልሆነው አሞንያ ሲሆን፣ በፒ ኤች 7.1 ከጠቅላላው ግማሽ በመቶ ያህል፣ በፒ ኤች 8.1 ግን 5 በመቶ ገደማ ነው። ያው የአሞንያ መጠን በባሕር ውኃ ውስጥ ወደ አሥር እጥፍ ይመርዛል ማለት ነው።

ስለዚህ በእነዚህ ሳምንታት በገንዳው ውስጥ ምንም እንስሳ አይግባ። ቁንጥር የዓሣ ምግብ እየጨመሩ አሞንያን፣ ናይትራይትንና ናይትሬትን በሁለት ቀን አንዴ መለካትና በግራፍ ማስፈር ይገባል። አሞንያው ወጥቶ ሲወርድ፣ ናይትራይቱም ተከትሎት ወጥቶ ሲወርድ ይታያል። ኮራል ማግኘት የማይችል ትምህርት ቤትም ቢሆን ይህን ክፍል ብቻ እንደ ሙሉ የላቦራቶሪ ሥራ ሊያካሂደው ይችላል።

ሁለቱ ጉብታዎች ዜሮ ከደረሱ በኋላ አንድ ወይም ሁለት በእርባታ የተገኙ ትናንሽ ዓሦች፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ከሰው ገንዳ የተቆረጡ የለስላሳ ኮራል ቅንጣቶች ይግቡ። ድንጋያማ ኮራሎች በዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ዓለም አቀፍ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ የሚገኙ ሲሆን፣ አገራችንም እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት፤ ከጅቡቲ ወይም ከሌላ ጠረፍ ያለ ፈቃድ በሻንጣ ይዞ መምጣት በሕግ ያስጠይቃል። ዞአንቲድ የሚባሉት፣ ለጀማሪ የሚመከሩት ባለ አዝራር ኮራሎች ደግሞ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ እጅግ ብርቱ መርዝ አላቸው። በጓንትና በመነጽር ይያዙ፤ የተቀመጡበትም አለት ለማጽዳት ተብሎ ፈጽሞ አይቀቀል፤ እንፋሎቱ በክፍሉ ያሉትን ሰዎች ሆስፒታል ሊያስገባ ይችላል።