ጽዋውን ማን ቀዳው?



በሐይቅም ሆነ በአምባሰል፣ በሠርግና በማኅበር ጠላውን፣ ቀሪቦውን ወይም ለስላሳውን ከሰው እጅ ያለ ሥጋት ተቀብለን እንጠጣለን። ይህን መተማመን ወጥመድ የሚያደርጉ ግን አሉ። በመጠጡ የእንቅልፍ መድኃኒት ወይም አረቄ በስውር ጨምረው፣ ራሷን የሳተችውን እኅት ይደፍራሉ።

አምኖንም ታመምሁ ብሎ ትዕማርን ያጠመዳት በምግብ ነበር (2ኛ ሳሙ. 13)። ተንኰሉ የእርሱ ሳለ፣ ብቸኛ ሆና በወንድሟ ቤት የቀረችው እርሷ ናት። እኛም «ለምን ጠጣች?» ስንል ያንኑ በደል እንደግማለን። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ግን በቁጥር 620 ሴትን ኅሊናዋን አስቶ ወይም መከላከል እንዳትችል አድርጎ መድፈርን በኃይል ከመድፈር አይለየውም፤ ቅጣቱም ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ነው።

ስለዚህ በድንገት የደከመችና የተንገዳገደች እኅት ስናይ «አደርሳታለሁ» ለሚል ሁሉ አንስጣት፤ ከሚያምኗት ጋር ቤቷ እናድርሳት። ጉዳት ከደረሰባትም ሳትታጠብ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት እንውሰዳት። የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በሽንት የሚገኘው ማስረጃም በሰዓታት ሊጠፋ ይችላል።

እርሷን «ለምን ጠጣሽ?» አንበላት። መጠየቅ ያለበት የቀዳው ነው።