ሐኪሙ ከአልጋው ሲርቅ

በዳ ቪንቺ ሮቦት የሳንባ ክፍል ሲወጣ ቀዶ ሐኪሙ በሽተኛው አጠገብ አይቆምም፤ ራቅ ብሎ ኮንሶሉ ላይ ዓይኑን ተክሎ ይቀመጣል። ጓንት አጥልቀው አልጋው ሥር የሚቀሩት ረዳቱና ስክራብ ነርሷ ናቸው። ይህ ሕክምና በአሜሪካ ሆስፒታሎች እየተለመደ ስለሆነ፣ እዚያ በቀዶ ጥገና ክፍል የምትሠሩ ወገኖች ወደ ሮቦቱ ስትመደቡ እነዚህን ያዙ።

ከሁሉ በፊት ደሙን አስቡ። ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄደው የደም ቧንቧ ግድግዳው ስስ ነው፤ ከተቀደደ ጊዜ አይሰጥም። ደረት የሚከፈትበት ዕቃ እዚያው ክፍል ይኑር፤ አለዚያ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ሥራው ሳይጀመር ጠይቁ፦ የተጠቀለለውን ጋውዝ ማን ያቀብላል? ደም ማን ያስመጣል? የሮቦቱን ክንዶች ማን ያላቅቃል? ቁስሉን ተጭኖ የያዘው ክንድ መጨረሻ እንደሚወጣም ተስማሙ።

ክንዶቹ ከተገጠሙ በኋላ አልጋው አይነካ፤ ከሮቦቱ ጋር የሚናበብ አልጋ ካልሆነ በቀር። ይህን ለሰመመን ሰጪውም አስታውሱት።

የሰማችሁትን ድገሙ። ሐኪሙ «ነጭ ስቴፕለር» ካለ «ነጭ ስቴፕለር» ብላችሁ አቀብሉ። ቀለሙ የሽቦውን ቁመት ነው የሚነግረው፤ ለስስ የደም ሥር የሚሆነው ለወፍራሙ የአየር ቧንቧ አይሆንም።

የሊምፍ ዕጢ ናሙና ሲወጣ የተወሰደበትን ቦታ ቁጥርና ጎን ወዲያው ጻፉ። ቁጥር 4 ቀኝ በቁጥር 4 ግራ ቢለወጥ የካንሰሩ ደረጃ ይለወጣል፤ ሕክምናውም አብሮ።

እ.ኤ.አ. በ2022 በጃፓን 1106 ሕሙማንን ያካተተ ጥናት ከታተመ ወዲህ፣ ከ2 ሴንቲ ሜትር ላልበለጠ ካንሰር ሙሉ ሎብ ከማውጣት ይልቅ የሎቡን ክፋይ ብቻ ማውጣት ተቀባይነቱ ጨምሯል። ወሰኑን ለመለየት ወደ ክፋዩ የሚገባው የደም ቧንቧ ተዘግቶ ኢንዶስያኒን ግሪን በደም ሥር ይሰጣል፤ በካሜራው ሌላው ሳንባ አረንጓዴ ሲበራ የሚወጣው ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ብርሃኑ ቶሎ ስለሚደበዝዝ መድኃኒቱን አስቀድማችሁ አቅርቡ፤ የአዮዲን አለርጂ መኖሩንም አረጋግጡ።

በመጨረሻ፣ አንድ ቀን ባዶ አልጋ ላይ ክንዶቹን እያላቀቃችሁ ሰዓት ያዙ። በሽተኛ ሳይተኛ የባከነ ደቂቃ ማንንም አይጎዳም።