የአንድ መኪና ሥራ በተራና በቀጠሮ ስለ ማከናወን

በአዲስ አበባ ሰሜን በጕለሌ ያለው አዲሱ ገበያ፤ ወደ ሱሉልታና ወደ ጎጃም በሚወጣው መንገድ ላይ ይገኛል። በዚያ አንድ የስፌት መኪና ብቻ ላለው ልብስ ሰፊ አራት ሰዎች በአንድ ጧት ሥራ ቢያመጡለት፤ የማንን ሊያስቀድም ይገባዋል? ተራውን ሳይቈጥር ለኹሉም «ለቅዳሜ ይደርሳል» ቢል፤ ከሱሉልታ የመጣው ገበሬ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ የሰፊውም ቃል ከዚያ ወዲያ አይታመንም።

ለምሳሌ፤ መዠመሪያ የመጣው የተማሪዎች ልብስ 4 ቀን፤ ኹለተኛው ካፖርት 3 ቀን፤ ሦስተኛው የሙሽራ ቀሚስ 2 ቀን፤ አራተኛው ሱሪ 1 ቀን ይፈጃል እንበል። መኪናው አንድ ነውና በማናቸውም ተራ ቢሰፋ ሥራው ኹሉ የሚፈጸመው በ10ኛው ቀን ነው። የባለቤቶቹ ጥበቃ ግን እንደ ተራው ይለያያል። በአመጣጣቸው ቢሰፋ በ4ኛው፤ በ7ኛው፤ በ9ኛውና በ10ኛው ቀን ያልቃሉ፤ ጥበቃው ሲደመር 30 ቀን ነው። ከአጭሩ ቢዠመር ግን በ1ኛው፤ በ3ኛው፤ በ6ኛውና በ10ኛው ያልቃሉ፤ ድምሩ 20 ነው። እነሆ፤ መኪናው ሳይፈጥን የዐሥር ቀን ጥበቃ ተቀነሰ።

ነገር ግን ቀጠሮ ኹሉ አንድ ዐይነት አይደለም። ሠርግ ቀኑን አይለቅም፤ የሱሪው ባለቤት ግን ይታገሣል። ቀሚሱ በ2ኛው ቀን እንዲደርስ ግድ ቢኾን፤ ሰፊው ተራውን ከመጨረሻው ወደ መዠመሪያው ይደርድር። በመጨረሻ ቢሰፉ ቀጠሯቸው ከማይፈርስባቸው ሥራዎች ረጅሙን በመጨረሻ ያኑር፤ በቀሩትም እንዲሁ ያድርግ። በዚህ አኳኋን ቀሚሱ በ2ኛው፤ ሱሪው በ3ኛው፤ ካፖርቱ በ6ኛው፤ የተማሪዎች ልብስ በ10ኛው ቀን ያልቃል፤ ድምሩ 21 ነው። የሱሪው ባለቤት ኹለት ቀን ቢዘገይም ሙሽራዪቱ አንድ ቀን ቀድማ ታገኛለችና፤ በጠቅላላው ጥበቃ ላይ የተጨመረው አንድ ቀን ብቻ ነው።

ይህን ሥርዐት በፈረንጅ አቈጣጠር በ1956 ዓ.ም. ስሚዝ የተባለ ሊቅ በሒሳብ አስረድቶታል። ከርሱ በፊት በ1955 ዓ.ም. በአሜሪካ ጃክሰን የተባለው፤ ቀጠሮው ኹሉ የተቈረጠ ሲኾን ቀኑ የቀረበውን ማስቀደም ከመዘግየቶች ኹሉ ትልቁን እንደሚያሳንስ አስረዳ።

ስለዚህ ሰፊው ሥራ ሲቀበል ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ሥራው ስንት ቀን እንደሚፈጅ፤ መቼ እንደሚፈለግ፤ ቀኑም ይሸጋሸግ እንደ ኾነ። ተራውን ከቈጠረ በኋላ ብቻ ቀጠሮ ይስጥ። ሳይቈጥሩ የሚሰጡት ቀጠሮ፤ ሰጪው ቅን ቢኾንም ሐሰት ይኾናልና።

መምህሩም ይህን በጠጠር ያስቈጥር፤ ለአንድ ቀን ሥራ አንድ ጠጠር ይኹን። ቀጥሎም ተማሪዎቹ በአገራቸው ባለው ወፍጮ ቤት የሚጠብቀውን እህል ተራ እንዲያወጡ ያድርግ። ወፍጮውም አንድ፤ ጠባቂውም ብዙ ነውና፤ ሒሳቡ አንድ ነው።