የቲሞቻችን በቃለ መጠይቅ ፊት

 



አንድ የቲም ልጅ ደብተሩና ዩኒፎርሙ ተሟልቶለት፣ ወርኃዊ ተቆራጩም ሳይጓደል አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲያጠናቅቅ ወይም ከቴክኒክና ሙያ ተቋም ተመርቆ ሲወጣ፣ አብዛኞቻችን አደራችንን የጨረስን ይመስለናል። በሸሪዓም ቢሆን ለአቅመ አዳም የደረሰ ሰው የቲም አይባልም። ይሁን እንጂ ያ ወጣት ከቆላ ድባ ተነሥቶ በአዘዞ በኩል ጎንደር ገብቶ፣ ወይም እስከ ባሕር ዳር ዘልቆ፣ ሦስትና አራት ሰዎች በተቀመጡበት ጠረጴዛ ፊት ብቻውን ሲቀርብ የአባቱ አለመኖር እንደ አዲስ ይገለጣል። ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች ጥቂት የማይባሉት ዕውቀቱን ሳይሆን ከኋላው ማን እንዳለ የሚመረምሩ ናቸውና።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ-ን-ኒሳእ አሳዳጊዎች የየቲሞችን ገንዘብ ከማስረከባቸው በፊት እንዲፈትኗቸው አዟል። የተፍሲር ሊቃውንት ይህን ፈተና ሲያብራሩ ልጁ ጥቂት ገንዘብ ተሰጥቶት ሲሸጥና ሲገዛ ማየትን በምሳሌነት ይጠቅሳሉ። ስለዚህ ልጅን በቤት ውስጥ አስቀምጦ መጠየቅ፣ መልሱንም አዳምጦ ማረም፣ ከአሳዳጊነት የማይነጠል ሥራ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው የሥራ ቃለ መጠይቅም በቤታችን አስቀድሞ ሊለመድ የሚገባው ፈተና ነው።

የዲግሪ ተመራቂው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናን፣ የቴክኒክና ሙያ ተመራቂው ደግሞ የሙያ ብቃት ምዘናን አልፎ ይመጣል። በወረቀት ረገድ ልጆቻችን ከሌሎች አያንሱም። ብዙዎቹን የሚጥላቸው አንደበት ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ዘወትር አንድ ነው፤ «ስለ ራስህ ንገረን»። በእኛ አገር በጨዋ ቤት ያደገ ልጅ «እኔ» ማለትን ያፍራል። ዓይኑን ሰብሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ስሙንና የተወለደበትን ቀበሌ ተናግሮ ዝም ይላል። ሌላው ደግሞ በተቃራኒው የችግሩን ታሪክ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይዘረዝራል፤ ጠያቂዎቹም ያዝኑለታል፤ ነገር ግን አዝነው አይቀጥሩትም። ዩሱፍ (ዐ.ሰ) የግብጹ ንጉሥ በግምጃ ቤቶች ላይ እንዲሾማቸው ሲጠይቁ፣ ጠባቂና ዐዋቂ መሆናቸውን በራሳቸው አንደበት መስክረዋል። ሊቃውንትም ከዚህ ተነሥተው ለሚያስፈልግ ጉዳይ የራስን ችሎታ በእውነት መግለጽ ከትምክህት እንደማይቆጠር አስረድተዋል።

እንግዲህ አንዲት በሒሳብ መዝገብ አያያዝ የተመረቀች ልጅ ለገንዘብ ያዥነት ቀርባለች እንበል። መልሷ እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ «በሒሳብ መዝገብ አያያዝ በደረጃ አራት ተመርቄ የብቃት ምዘናውን አልፌአለሁ። እየተማርሁ ሳለሁ በአጎቴ ሱቅ የዱቤ መዝገብ የምይዘው እኔ ነበርሁ፤ ማታ ማታ የተሸጠውን ከካዝናው ጋር አመሳክሬ እዘጋ ነበር። ይህን ሥራ የፈለግሁት የለመድሁት ሥራ ስለሆነ ነው።» የተማረችውን፣ የሠራችውንና የመጣችበትን ምክንያት ተናገረች፤ ከአንድ ደቂቃ አላለፈም። የአጎት ሱቅ የዱቤ ደብተር እንደ ሥራ ልምድ የሚቆጠር የማይመስላቸው ልጆች ብዙ ናቸው። ማኅተም ያለው ደብዳቤ ባይኖረውም እውነተኛ ሥራ ነውና ሊነገር ይገባዋል። የሌለውን መጨመር ግን ውሸት ከመሆኑም በላይ፣ ሁለተኛው ጥያቄ «መዝገቡን እንዴት ነበር የምትይዢው?» የሚል በመሆኑ ወዲያው ይጋለጣል።

«አባትህ ምን ይሠራሉ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ በክፋት የሚቀርብ አይደለም፤ ልጁን ለማላመድ ተብሎ የሚነሣ ወሬ ነው። ለየቲም ግን ጉሮሮ የሚዘጋ ነው። ለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ሊለመድ ይገባል፤ «አባቴ በሕፃንነቴ ሞተዋል፤ ያሳደጉኝ እናቴና አጎቴ ናቸው።» ከዚያ በኋላ ወደ ሥራው ጉዳይ መመለስ ነው። ማን ትምህርቱን እንደደገፈለት ቢጠየቅም ከማኅበር ድጋፍ ማግኘቱን መናገር የሚያሳፍር አይደለም፤ እኛም ልጆቹ እንዲያፍሩበት የሚያደርግ አሰጣጥ ከመስጠት እንቆጠብ።

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ «ድክመትህ ምንድን ነው?» የሚለው ነው። አንዳንዶች በየስልጠናው የተማሩትን «ድክመቴ ሥራ ማብዛቴ ነው» የሚል መልስ ይሰጣሉ። ጠያቂው ይህን መልስ ያንኑ ቀን ከአምስት ሰው ሰምቶታል፤ አያምነውም። «ድክመት የለብኝም» የሚለው ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው። ሙሳ (ዐ.ሰ) ወደ ፊርዐውን እንዲሄዱ በታዘዙ ጊዜ አንደበታቸው እንደማይፈታላቸው አልደበቁም፤ ወዲያውም ወንድማቸው ሃሩን በንግግር የተሻሉ መሆናቸውን ጠቅሰው ረዳት እንዲሆኗቸው ለመኑ። ጉድለቱን ተናገሩ፤ መፍትሔውንም አብረው አቀረቡ። ልጆቻችንም ይህንኑ ፈለግ ቢከተሉ መልካም ነው። «በኮምፒዩተር ስጽፍ ፈጣን አይደለሁም፤ ላለፉት ሁለት ወራት ጓደኛዬ ዘንድ እየሄድሁ በየቀኑ እለማመዳለሁ» የሚል ወጣት የሚታመን ወጣት ነው። እርግጥ የሚጠቀሰው ጉድለት የሥራውን እምብርት የሚነካ መሆን የለበትም፤ ለገንዘብ ያዥነት የቀረበ ሰው ቁጥር ይሳሳትብኛል ብሎ መጀመሩ ጅልነት ነው።

«ከሰው ጋር ተባብረህ የሠራኸውን ንገረን» ሲባል ደግሞ ልጆቻችን ምሳሌ ያጡ ይመስላቸዋል። የደምቢያ ልጅ ምሳሌ አያጣም! በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በጣና ላይ በተከፈተው የእምቦጭ ማስወገድ ዘመቻ ገበሬውና ተማሪው ውኃ ውስጥ ገብቶ አረሙን በእጁ ሲነቅል አላየምን? በዚያ የተሳተፈ ወጣት ስንት ሰው ሆነው እንደወጡ፣ ማን እንደነቀለ፣ ማን ወደ ዳር እንዳጓጓዘ፣ የደከመውን እንዴት እንደተኩ ቢናገር ከመጽሐፍ ከተቀዳ መልስ ይልቅ ይሰማለታል። ሽምብራ በደቦ ያጨደም እንዲሁ። ጎርጎራ ላይ በ‹ገበታ ለሀገር› ፕሮጀክት በተሠራው ሪዞርትም ሆነ በሌላ የእንግዳ መስተንግዶ ቤት ለመቀጠር የሚሻ ልጅ፣ በሠርግና በለቅሶ ቤት መቶ ሰው ማስተናገዱን አይናቀው።

በትምህርት ወይም በሥራ መካከል ያለፈ ባዶ ዓመትም ያስጠይቃል። በ2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ተዘግተው ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በክልላችን በተፈጠረው ግጭት ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው ልጆች ብዙ ናቸው። ይህን በአጭሩ መናገርና በዚያ ጊዜ ምን ሲሠሩ እንደቆዩ መጨመር ይበቃል። ማንንም መክሰስ፣ የፖለቲካ ክርክር ውስጥ መግባትም አያስፈልግም። የቀድሞ አሠሪን ማማትም ከዚሁ የሚመደብ ነው፤ ሐሜትነቱ ሳይነሣ እንኳ፣ ጠያቂው ነገ እኔንም እንዲሁ ያማኛል ብሎ ያስባል።

«ስንት ደመወዝ ትፈልጋለህ?» ሲባል «የሰጣችሁኝን» ማለት በእኛ ዘንድ ትሕትና ነው። በፊቅህ መጻሕፍት በቅጥር ምዕራፍ ውስጥ ግን የሠራተኛው ዋጋ አስቀድሞ የታወቀ መሆን አለበት፤ ኋላ ለጠብ በር የሚከፍተው ያልታወቀ ዋጋ ነውና። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደመወዙ በደረጃ የተወሰነ ስለሆነ ጥያቄው ብዙም አይነሣ። ማስታወቂያው ላይ «በስምምነት» ተብሎ ከተጻፈ ግን ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ሁለት ሦስት ሰዎችን አስቀድሞ ጠይቆ፣ ከዚህ እስከዚህ ብሎ ቁጥር መጥራት ተገቢ ነው። የሙከራ ጊዜም በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ እንደሌለበት ልጁ ይወቅ።

ለሴት ልጆቻችን የሚቀርቡ ሌሎች ጥያቄዎችም አሉ። «መቼ ታገቢያለሽ?»፣ «ሒጃብሽ ሥራ አያስቸግርሽም?» ይባላሉ። የተጠቀሰው አዋጅ በጾታና በሃይማኖት አድልዎ ማድረግን ይከለክላል። ይሁን እንጂ አዋጅ ጠቅሶ ጠያቂን መገሠጽ ሥራ አያስገኝም። «በዚህ አለባበስ ትምህርቴንም የተግባር ልምምዴንም ጨርሻለሁ፤ ሥራ አላስተጓጎለብኝም» ማለት በቂ ነው። ስለ ጁሙዓ ለሚጠየቅ ወንድ ልጅ መልሱ ቀላል ነው፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የዓርብ የምሳ ዕረፍት ከ5፡30 እስከ 7፡30 በመሆኑ ሰላቱ ከሥራ ሰዓት ጋር አይጋጭም። በግል ድርጅት ከሆነ የሚጎድለውን ጊዜ በሌላ ሰዓት እንደሚያካክስ አስቀድሞ ይናገር። እጅ መጨበጥ የማትሻ ልጅም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሰላምታ ብትሰጥ ቅር የሚለው ሰው ጥቂት ነው። የሚያስቀይመው ዝምታው ነው።

ገንዘብና ንብረት ለሚያዝበት ሥራ ደግሞ ማጥመጃ የሚመስሉ ጥያቄዎች ይቀርባሉ። «ማታ ሒሳብ ስትዘጋ መቶ ብር ቢጎድልብህ ምን ታደርጋለህ?» ለሚለው ብዙዎች «ከኪሴ እተካለሁ» ይላሉ፤ ቅንነት ይመስላቸዋል። ሒሳብ ዐዋቂ ጠያቂ ግን ይህን መልስ አይወደውም፤ ጉድለቱን ሸፈነ እንጂ አልገለጠምና። ትክክለኛው መልስ ደረሰኙን ከገንዘቡ ጋር ደግሞ ማመሳከር፣ ካልተገኘ በዚያው ምሽት ለኃላፊ በጽሑፍ ማሳወቅ ነው። «አለቃህ ያልተገዛ ዕቃ እንደተገዛ አድርገህ ፈርም ቢልህስ?» ቢባልም ሳይቆጡ «ዕቃው ሳይገባ አልፈርምም፤ ትእዛዙ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ» ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ይህ ግን ልጁ ቢያጠናም ብቻውን የማይመልሰው ነው። «ተያዥ ማቅረብ ትችላለህ?» ለገንዘብ ያዥ፣ ለዕቃ ግምጃ ቤት፣ ለሽያጭና ለጥበቃ ሥራ የሚወጡ ማስታወቂያዎችን ያነበበ ሁሉ ይህን ቃል ያውቀዋል። አባት ያለው ልጅ «አባቴን ጠይቄ» ይላል፤ የአባቱ ወዳጅ ወይም የሥራ ባልደረባ ይፈርምለታል። የቲሙ ግን ፈተናውን አንደኛ ወጥቶ እንኳ በዚህ በር ላይ ይመለሳል፤ ቦታውም ለተጠባባቂው ይሰጣል።

ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የየቲም ካፊል በጀነት ለእሳቸው የሚኖረውን ቅርበት በሁለት ጣቶቻቸው አመልክተዋል። ይህን ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ተቆራጭ የምንሰጠውም እሱን ተስፋ አድርገን ነው። በፊቅህ መጻሕፍት ውስጥ ደግሞ «ከፋላ» የሚለው ቃል ዋስ መሆንን ያመለክታል። ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ቃል መገናኘታቸው ለዛሬው ጉዳያችን ብዙ ይናገራል።

ዋስትና ቀላል ነገር ነው አልልም። ዋስ የሆነ ሰው ጉድለት ቢመጣ ከፋይ መሆኑ በሸሪዓም በአገር ሕግም የታወቀ ነው፤ ስለዚህ የማያውቁትን ልጅ መዋስ አይገባም። ግን እኮ እነዚህን ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የምናውቃቸው እኛ ነን! ስፍር ቁጥር የሌለው ደረሰኝ ስንፈርምላቸው ኖረናል። ለዋስትና ክፍያ የሚቀበሉ ሰዎች እንዳሉ ይሰማል፤ ይህን ብዙኃኑ የፊቅህ ሊቃውንት አይፈቅዱትም፤ ሥራ ያላገኘን ወጣት ባለ ዕዳ ማድረግም ነው።

ለመዋስ ፈቃደኛ የሆነ ሰው የሚከተለውን ያስተውል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1922 ዋስ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ ልክ በውሉ ላይ ካልተገለጸ ዋስትናው እንደማይጸና ይደነግጋል። ስለሆነም የገንዘቡ ልክ በቁጥርና በፊደል ያልተጻፈበት ቅጽ ላይ አይፈረምም። መጠኑ ለአንድ ሰው ከከበደ ሁለትና ሦስት ደጋፊዎች ተከፋፍለው መግባት ይችሉ እንደሆነ መሥሪያ ቤቱ ይጠየቅ። ብዙ ጊዜ ከዋሱ የሚፈለገው ከመሥሪያ ቤቱ የሚጻፍ የደመወዝ መግለጫ ደብዳቤ ነው፤ ነጋዴ ከሆነ የታደሰ የንግድ ፈቃድ የሚቀበሉም አሉ። ይህ ደብዳቤ ለመጻፍ ቀናት ሊወስድ ይችላል፤ ያለፉት ሰዎች ስም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከወጣ በኋላ የሚሰጠው ጊዜ ግን አጭር ነው። ስለዚህ ልጁ ለቃለ መጠይቅ ከመሄዱ በፊት አሳዳጊው፣ ደጋፊውና እሱ ራሱ አንድ ምሽት ተቀምጠው ማን ለስንት ብር እንደሚዋስ ይስማሙ። ያን ጊዜ ጥያቄው ሲመጣ ልጁ «አዎ፣ አለኝ» ብሎ የዋሱን ስም ይናገራል። ከተቀጠረ በኋላም ዋሱ የፈረመበትን ቅጽ ቅጂ ይያዝ፤ ልጁ ሥራ ሲለቅ ወይም ወደ ሌላ ክፍል ሲዛወር ዋስትናው መውረዱን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ ይጠይቅ።