ቀለሙን ሳይሆን ቁጥሩን

የአሮጌ ቮልስዋገን ሞተር አውርደን ሌላ ስንተክል የሚያስቸግረን ክብደቱ ሳይሆን ተንጠልጥሎ የሚቀረው ሽቦ ነው። ቀለሙ በዘመን ብዛት ይደበዝዛል፤ ጠጋኝም በሌላ ቀለም ይቀጥለዋል። ስለዚህ በቀለም መተማመን አይገባም። የጀርመን ደንብ ዲን 72552 ግን ለየሽቦው ማሰሪያ ቁጥር ሰጥቶታል፤ ቁጥሩም ብዙ ጊዜ በዕቃው ላይ ተቀርጾ ይገኛል።

30 ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ ነው፤ 15 ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኃይል የሚያገኝ፤ 50 ሞተሪኖውን የሚያስነሣ፤ 31 ማሳ፤ 1 ደግሞ ከኮይል ወደ ዲስትሪቢዩተር የሚሄድ ነው።

እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ የባትሪውን ማሳ ፍቱ፤ በየሽቦውም ላይ ቁጥሩን ጽፋችሁ እሰሩ። ይህ ሳይደረግ ከቀረ ጫፎቹ እንዳይነካኩ ለያይታችሁ ባትሪውን መልሱ፤ ከባትሪው ቮልት ጋር የሚስማማ አምፑል ወስዳችሁ አንዱን ወገን ከመኪናው ብረት፥ ሌላውን ከሽቦው ጫፍ አገናኙ። ቁልፍ ተዘግቶ ከበራ የ30 መሥመር ነው፤ ሲከፈት ብቻ ደምቆ ከበራ የ15 ነው፤ ፈዞ ከበራ ግን የዘይት ወይም የዲናሞ ምልክት መብራት ሽቦ ሊሆን ይችላል።

30ን በ15 ስፍራ ያሰረ ሰው ቁልፉን ቢዘጋም ሞተሩ አይጠፋለትም።