የአንድ ኪሎ ግራም ዋጋ በዓባይ ሸለቆ ዳገት

ከካይሮ ተነሥቶ ኬፕ ታውን የሚያበቃው ቱር ዳፍሪክ የተባለው የብስክሌት ጉዞ በ1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2003) ሲጀመር፣ ተሳታፊዎቹ 12,000 ኪሎ ሜትር ያህል በአራት ወር ማቋረጥ ነበረባቸው። በቀደሙት ዓመታት ጉዞው በሱዳን በኩል ኢትዮጵያ ገብቶ የዓባይን ሸለቆ ያቋርጥ ነበር። ድንኳኑንና ትልቁን ሻንጣ አጃቢ መኪና ስለሚጭነው ለብስክሌተኛው የሚቀረው ጥያቄ ይህ ነው፦ መኪናው እስኪገኝ ድረስ ምን ልያዝ? ብዙዎች አስቀድመው የሚያስቡት ክብደት መቀነስን ነው። ሐሳቡ ምን ያህል ትክክል እንደሆነ በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ መመርመር ይቻላል።

ከወንዙ እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው ዳገት ከ1,300 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። አንድ ኪሎ ግራም ዕቃን 1,300 ሜትር ከፍ ለማድረግ የሚያስፈልገው ሥራ 1 × 9.8 × 1,300፣ ማለትም 12,740 ጁል ነው። ጡንቻ ከምግብ ካገኘው ጉልበት ወደ ሥራ የሚለውጠው ከ20 እስከ 25 በመቶውን ብቻ ስለሆነ፣ ሰውነት የሚያወጣው 13 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሆናል፤ ይህም ከሩብ ሙዝ ያነሰ ነው! ብስክሌተኛው በ150 ዋት ቢነዳ፣ አንዱ ኪሎ የሚያዘገየው 85 ሰከንድ ብቻ ነው። ከነብስክሌቱ 85 ኪሎ ግራም ቢመዝን ደግሞ፣ የአየርና የመንገድ ሰበቃን ትተን፣ ዳገቱ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል።

አሁን ሙቀቱን እንመልከት። በየሰከንዱ 150 ጁል ሥራ የሚሠራ ሰው ጎን ለጎን 500 ጁል ያህል ሙቀት ያመነጫል። አንድ ግራም ላብ ሲተን 2,400 ጁል ገደማ ይዞ ይሄዳል። ሸለቆው ሞቃት፣ የዳገት ጉዞም አዝጋሚ በመሆኑ ነፋስ የሚወስደው ሙቀት ጥቂት ነው፤ አብዛኛው በላብ መውጣት አለበት። ስለዚህ ሒሳቡ በሰዓት ሦስት አራተኛ ሊትር፣ በሁለት ሰዓት 1.5 ሊትር ላብ ይሆናል። ይህን ያህል ውሃ መያዝ የሚያስከፍለው ሁለት ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ነው፤ ሸክሙም እየተጠጣ ይቀንሳል። ለክብደት ሲል ውሃውን የተወ ሰው ግን ላቡ ሲጎድል ሰውነቱ እየጋለ ይሄዳል፤ ይህም ራስን እስከ መሳት፣ አልፎም ለሞት ሊያደርስ ይችላል። በላብ ጨው ስለሚወጣ ጨው ያለው ስንቅ፣ ለምሳሌ ጨው የተጨመረበት በሶ፣ አብሮ ቢያዝ መልካም ነው።

ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ መለጠፊያና ትንሽ መንፊያ በአንድነት ግማሽ ኪሎ ግራም ገደማ ቢመዝኑ ዋጋቸው 43 ሰከንድ ነው። ጎማው የተነፈሰበት ሰው በፀሐይ መኪና ከሚጠብቅ እነዚህን ቢይዝ ይሻለዋል። ይህ ማለት ግን ሁሉም ይጫን ማለት አይደለም፤ አሥር ኪሎ 14 ደቂቃ ነው፤ ቁልቁል ሲወረድም የእያንዳንዱ ኪሎ 12,740 ጁል በአመዛኙ ፍሬን ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። የጀርባ ቦርሳም አይመረጥም፤ የጀርባ ላብ እንዳይተን ይከለክላልና። ዕቃው ብስክሌቱ ላይ ዝቅ ብሎ ቢታሰር ሚዛን ለመጠበቅም ይረዳል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ቀላል የነፋስ ጃኬት ነው። አየር በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀዘቅዝ ጎሐ ጽዮን ከወንዙ ዳር በስምንት ዲግሪ ያህል ትቀዘቅዛለች። ብስክሌተኛው እዚያ የሚደርሰው በላብ ርሶ ነው፤ ከታች ያዳነው ትነት ከላይ በነፋስ ታግዞ ያንቀጠቅጠዋል። ስለዚህ ጃኬቱ ከሻንጣው ወጥቶ ብስክሌቱ ላይ ይታሰር።